ከጥገናው በፊት ካርድ ይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ቁልፉ ሲደክም በከተማችን ጥገና ቤቶች ስለሚገጥመው ዕጣ ነው። ለጋዜጣ ገጽ ትንሽ ጉዳይ እንደሚመስል አላጣሁትም፤ ነገር ግን የምስር ክክ በምታህል ጥቁር ጎማ ምክንያት 3,500 ብር ልከፍል ጥቂት ቀርቶኝ ስለነበር፣ የሆነውንና ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሳላቀርብ ብቀር ቅር ይለኛል።

መጫወቻው ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ ያቀረበው ጌም ቦይ ከለር ነው። በ1992 ዓ.ም. አጎቷ ከውጭ ሲመጣ ለልጄ ያመጣላት ሲሆን፣ እሷ አድጋ፣ ተምራና ወልዳ አሁን የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ይጫወትበታል። በሁለት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ማስታወቂያ አያሳይም። ስክሪኑ የራሱ ብርሃን ስለሌለው ማታ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይተኛል፤ ይህን እናቱ እንደ ጉድለት፣ እኔ ግን እንደ ትልቅ ጥቅም ነው የምናየው። ካለፈው የገና በዓል ወዲህ ግን ሁለት ቁልፎቹ፣ ማለትም ኤ የሚባለውና የግራ አቅጣጫው፣ እንቢ ማለት ጀመሩ። ልጁ አንዴ ለመዝለል ሦስት ጊዜ ይጫናል፤ ወደ ግራ ለመሄድ አውራ ጣቱ እስኪቀላ ድረስ ይገፋል። ሌሎቹ ስድስት ቁልፎች ደህና ነበሩ፤ ድምፁም ምስሉም እንደ ድሮው ነበር።

ቀደም ሲል ቢሆን ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል በእግሬ ወደ ፒያሳ ተሻግሬ፣ ሬዲዮዬንም ካውያዬንም ለዓመታት ከጠገነልኝ ሰው ዘንድ እሄድ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙዎቹ ትንንሽ ሱቆች ከተነሡ በኋላ ግን ያ ሰው የት እንደገባ አላወቅሁም። ስለዚህ መሀል ከተማ ካሉት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። በትሕትና የተቀበለኝ ወጣት «ማዘር፣ ነገ ይምጡ» አለኝ። በማግሥቱ ስመለስ መጫወቻው ተዘግቶ በፌስታል ተቀምጧል። «ማዘር፣ ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ 3,500 ብር ይሆናል፤ ካልሆነ ባይደክሙበት ይሻላል» አለኝ። የተቃጠለውን ቦታ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ፈገግ ብሎ «ቢያዩትም አይገባዎትም» ሲል መለሰልኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ በአንጻሩ ለ31 ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኦምን ሕግ ያስተማርኩ ሴት እንደሆንኩ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

በታክሲ ስመለስ ነገሩን በልቤ አወጣሁ አወረድኩት። የጌም ቦይ ስምንት ቁልፎች በሁለት ወገን አራት አራት ሆነው የተደረደሩ ናቸው፤ አራቱ አቅጣጫዎች በአንድ ወገን፣ ኤ፣ ቢ፣ ስታርትና ሴሌክት በሌላው ወገን ናቸው። ቺፑ አንዱን ወገን ከጠየቀ በኋላ ሌላውን ይጠይቃል፤ መልሱንም ሁለቱ ወገኖች በጋራ በሚጠቀሙባቸው አራት መስመሮች ይቀበላል። ኤ ከቀኝ አቅጣጫ ጋር፣ ቢ ደግሞ ከግራ አቅጣጫ ጋር አንድ መስመር ይጋራሉ። እንግዲህ አንድ መስመር ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ኤ ሲጠፋ ቀኝም አብሮ መጥፋት ነበረበት፤ አንድ ወገን ተቃጥሎ ቢሆን አራቱም በአንድ ላይ ዝም ማለት ነበረባቸው። ኤ እና ግራ በመስመርም በወገንም አይገናኙም። ሁለቱ ብቻቸውን የደከሙት በጣም ስለሚጫኑ ነው እንጂ ቦርዱ ስለተቃጠለ ሊሆን አይችልም። ወንበሬ ላይ ሆኜ ይህን ስደርስበት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጡረታዬ ወዲህ እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

መክፈት ግን ሌላ ጣጣ ነበር። የኒንቴንዶ መጫወቻዎች የሚዘጉት በተለመደው መስቀለኛ ብሎን ሳይሆን እንደ ዋይ ፊደል ሦስት ክንፍ ባለው ብሎን ነውና ለእሱ የሚሆን ካቻቢቴ ፍለጋ መርካቶ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ለስልክ ጠጋኞች መሣሪያ ከሚሸጡት ዘንድ በቀላሉ ተገኘ። ቤት ገብቼ ልፈታ ስል ከብሎኖቹ አንዱ በቦታው የለም፤ ቀዳዳው ባዶውን ነው። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

የእነዚህ ቁልፎች አሠራር ለማስተማሪያነት የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ ቀላል ነው። ከላይ የምንጫነው ፕላስቲክ በራሱ ከኤሌክትሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከሥሩ እንደ ጎጆ ጣሪያ ክብ ሆኖ የቆመ ለስላሳ የሲሊኮን ጎማ አለ፤ ከጣሪያው ውስጠኛ ጫፍ ላይ ደግሞ ካርቦን የተቀላቀለበት ጥቁር ነጥብ ተጣብቋል። ቦርዱ ላይ፣ ከጥቁሩ ነጥብ ትይዩ፣ የሁለት ማበጠሪያዎች ጥርሶች ሳይነካኩ እንደተጠላለፉ ያሉ ሁለት መስመሮች ተስለዋል። ጣት ሲጫን የጎማው ጣሪያ ይሰምጥና ጥቁሩ ነጥብ በሁለቱ ማበጠሪያዎች ላይ ያርፋል፤ ኤሌክትሪኩ በካርቦኑ በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ቺፑም ቁልፉ መነካቱን ይረዳል። ጣት ሲነሣ ጎማው በራሱ ጉልበት ይመለሳል። ሞላ የለም፤ የሚሽከረከር ነገርም የለም። የቤታችን የቴሌቪዥን ሪሞት፣ የሒሳብ ማሽንና የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ቁልፎችም በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠሩት።

የመስቀል ቅርጽ ያለውን የአቅጣጫ ቁልፍ ያሰበው ጉንፔ ዮኮይ የተባለ የኒንቴንዶ መሐንዲስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የዶንኪ ኮንግ የእጅ ጌም ላይ አገልግሎት ላይ ዋለ። መስቀሉ ከሥሩ መሀል ለመሀል ትንሽ እብጠት አለችው፤ ግራው ሲወርድ ቀኙ እንደ ሚዛን ክንድ እንዲነሣና ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይጫኑ የምታደርገው እሷ ናት። ዮኮይ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣውን የመጀመሪያውን ጌም ቦይም የመራ ሰው ነው፤ ሥራው ሁሉ አዲስና ውድ የሆነውን ቴክኖሎጂ ከመከተል ይልቅ በሚገባ የታወቀውንና የረከሰውን ባልታሰበ መንገድ መጠቀም ነበር። አንዲት ጡረተኛ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ልትፈታው የቻለችውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ጎማው የሚደክምበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም ሁሉም በዓይን ይታያል። በፕላስቲኩ ዙሪያ ባለችው ጠባብ ክፍተት የእጅ ላብና ቅባት፣ የበጋ አቧራ፣ የዳቦ ፍርፋሪም ይገባል፤ ለስላሳ መጠጥ ፈስሶበት ከሆነ ስኳሩ ደርቆ ያጣብቀዋል። ከዚህም ሌላ ከሲሊኮኑ ውስጥ በዓመታት ብዛት ቀስ እያለ የሚወጣ ቅባት አለ፤ ስስ ሆኖ ካርቦኑን ይለብሰዋል። ካርቦኑ ራሱም በመጫን ብዛት ይላጋል፤ መጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ጥቁር የነበረው እንደ ተወለወለ ጫማ ማብረቅ ከጀመረ የሥራ ዘመኑ ወደ ማብቂያው ተቃርቧል። በመጨረሻም የጣሪያው ዳርቻ፣ ጎማው የሚተጣጠፍበት ስሱ ክፍል፣ ይሰነጠቅና ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል።

የእኛን በቴስተር ስለካው ደህና በሆኑት ቁልፎች ሥር ያሉት ነጥቦች ከ200 እስከ 400 ኦም አሳዩኝ፤ ኦም ኤሌክትሪክን የሚያግደው ሬዚስታንስ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ያልፋል። የኤ ነጥብ 14,000 ኦም ገደማ ነበር፤ የግራው ደግሞ አንዴ 40,000፣ አንዴ ጭራሹን ምንም። ቺፑ ቁልፉ መነካቱን የሚያውቀው መስመሩ ወደ ዜሮ ቮልት ሲወርድለት ነው፤ ሬዚስታንሱ እንዲህ ሲያድግ መስመሩ በግማሽ መንገድ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ልጁ ጠንክሮ ሲጫን አልፎ አልፎ የሚሳካለት፣ ጎማው ይበልጥ ተጨፍልቆ ሰፋ ያለ የካርቦን ክፍል ቦርዱን ስለሚነካ ነው። ይህ ምልክት፣ ማለትም በኃይል ሲጫኑት የሚሠራ ቁልፍ፣ የቦርድ ሳይሆን የጎማ ድካም መሆኑን ከማንኛውም መለኪያ በፊት ይናገራል።

ስለ አጠጋገኑ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ባትሪ ድንጋዩን አውጥቼ፣ ጎማውን ብቻ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጥቤ በጥላ አደረቅሁት። ቦርዱን ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ባረጠብኩት ጥጥ ዳበስ ዳበስ አደረግሁት። የፋርማሲው አልኮል ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ ብቻ ስለሆነና ቀሪው ውሃ ስለሆነ፣ ከመዝጋት በፊት ሌሊቱን ማሳደር ይገባል፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ ከተገኘ ይመረጣል። በኮሮና ጊዜ የተረፈንን ሳኒታይዘር መጠቀም ግን አይገባም፤ ለእጅ ልስላሴ ተብሎ የሚጨመርበት ግሊሰሪን ይቀርና አቧራ ይሰበስባል። በላጲስ መፈግፈግም የታወቀ ምክር ነው፤ ማበጠሪያው በወርቅ የተለበጠ ከሆነ በስሱ ቢደረግ ችግር የለውም፤ እንደ እኛው በጥቁር ካርቦን የተቀባ ከሆነ ግን ላጲሱ ካርቦኑን ይዞት ይሄዳል። ብርጭቆ ወረቀትን በሁለቱም ላይ መጠቀም ወንጀል ነው። ጥቁሩን ነጥብ በእርሳስ መቀባት ለሳምንታት ይሠራል፤ የማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት ቆርጦ መለጠፍም እንዲሁ፤ ሆኖም እርሳሱ ይራገፋል፤ ብልጭልጩ ደግሞ ጠርዙ እየተነሣ የቦርዱን ካርቦን ይቧጭራል። ለአንድ ቀን የሚሆን ዘዴንና ለዓመታት የሚሆን ጥገናን ደንበኛው ለይቶ ማወቅ አለበት።

የኤ ነጥብ ከታጠበ በኋላ ወደ 350 ኦም ወረደ። የግራው ግን 9,000 ላይ ቆመ፤ ካርቦኑ አልቆ ነበር። መለዋወጫ ጎማ በውጭ ገበያ በቀላሉ ይሸጣል፤ በጠየቅሁባቸው ሱቆች ግን «ለብቻው አይመጣም» ተባልኩ። ስለዚህ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ቆራሌው በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚሰበስበው ዕቃ መድረሻው እዚያ ነውና፣ በአንድ ማዳበሪያ ሙሉ የሞቱ የዲሽ ሪሞቶች አገኘሁ፤ አንዱን በ50 ብር ገዛሁ። ሻጯ ለምን እንደፈለግሁት ስነግራት ሳቀች፤ ቀጥላም ሁለተኛ ሪሞት መረቀችልኝ። ከሪሞቱ ጎማ ላይ ማንም የማይነካውን ቁልፍ ነጥብ መምረጥ ያስፈልጋል፤ የድምፅና የቻናል ቁልፎች ከእኛው የባሰ ያለቁ ናቸው። ነጥቡን በምላጭ ከሥሩ ቀርፌ፣ ውፍረቱን ከአሮጌው ጋር አስተያይቼ አስተካከልኩት፤ ከወፈረ ቁልፉ ሳይነካ ራሱን ይጫናል፤ ከሳሳም ቦርዱ ላይ አይደርስም። ለማጣበቅ ሱፐር ግሉ አይሆንም፤ ሲሊኮንን አጥብቆ አይዝም፣ ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ጭሱም ዙሪያውን ነጭ ያለብሰዋል። የአሉሚኒየም መስኮት የሚገጥሙ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ሲሊኮን በስንጥር ጫፍ ጥቂት አድርጌ አጣበቅሁት። ይህ ሲሊኮን ሲደርቅ እንደ አቼቶ የሚሸት አሲድ ያወጣል፤ አሲዱም መዳብ ስለሚበላ፣ ሳይዘጋ አንድ ሙሉ ቀን ማናፈስ ግድ ነው። በማግሥቱ ስለካው 280 ኦም ሆነ። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ሲሞክረው ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ መጫወቱን ቀጠለ።

ወጪዬ ከካቻቢቴው ጋር ተደምሮ ከ500 ብር አላለፈም፤ ጊዜዬን ሳልቆጥር ማለት ነው። ጊዜውን ለመቁጠር የተገደድኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ካቻቢቴውን ስፈልግ መርካቶ ውስጥ ከአንድ በዕድሜ ጠና ካለ ጠጋኝ ጋር ተዋውቄ ነበር። ቴፕና ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ፣ የሚፈታቸውን ብሎኖች በሲኒ ማስቀመጫ ሰሐን ላይ በተፈቱበት ቅደም ተከተል የሚደረድር ሰው ነው። ተመልሼ ሄጄ የሆነውን ስነግረው ያንን ወጣት አልነቀፈውም። «እትዬ፣ ጎማ አጸዳሁ ብዬ 300 ብር ብጠይቅ 'ለጥጥና ለአልኮል ነው ይህ ሁሉ?' ብለው ይጣሉኛል። ቦርድ ቀየርኩ ብዬ 3,000 ብጠይቅ ግን አመስግነው ይከፍላሉ» አለኝ። እንደ እሱ አነጋገር፣ መጫወቻ ከፍቶ ለማየት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ደንበኛው ዋጋ ሰምቶ «ላስብበት» ብሎ ከሄደ ያ ግማሽ ሰዓት በነጻ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሳይከፍቱ ይፈርዳሉ፤ ወይም ከፍተው ያዩትን ርካሽ ችግር ውድ ስም ይሰጡታል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ቁጣዬ ግማሹ ወደ እኛ ወደ ደንበኞቹ ዞረ። የምንከፍለው ለሚጨበጥ ዕቃ ነው፤ ለዕውቀትና ለዓይን ስንጠየቅ የተበለጥን ይመስለናል። ክሊኒክ ስንሄድ ግን እንዲህ አናደርግም። ሐኪሙ ፊት ከመቅረባችን በፊት ካርድ እናወጣለን፤ ሐኪሙ «ምንም የለብዎትም፣ ውሃ ይጠጡ» ብሎ ቢመልሰን እንኳ የካርዱ ገንዘብ ይመለስልኝ የሚል ሰው አላየሁም። የሐኪሙ ገቢ በሚያዘው መድኃኒት ብዛት ላይ ብቻ ቢመሠረት ምን ሊያዝልን እንደሚችል ለማሰብ ብዙ ምርምር አያስፈልግም፤ ጥገና ቤቶቻችን የሚሠሩት ግን በዚሁ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ጥገና ቤቶች የምርመራ ዋጋ ይኑራቸው፤ ዋጋውም በግድግዳ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ደንበኛውም ዕቃው ከመከፈቱ በፊት ይክፈል። በምላሹ ጠጋኙ ዕቃውን ደንበኛው ባለበት ይክፈት፣ የደከመውን ክፍል በጣቱ ያሳይ፣ የተቀየረ ነገር ካለም አሮጌውን ለባለቤቱ ይመልስ። አንዳንድ ወዳጆቼ የምርመራው ዋጋ ከጥገናው ሒሳብ ላይ ይቀነስ ይላሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ከተቀነሰ ማየቱ ዞሮ ዞሮ በነጻ ይሆናል፤ ጠጋኙም ድካሙን ለማካካስ ትልቅ ጥገና ወደ መፈለግ ይመለሳል። ሁለቱ ሒሳቦች ተለያይተው መቅረት አለባቸው።

በቁልፍ ጥገና እንጀምር የምለውም በምክንያት ነው። የስልክ ቦርድ ሲበላሽ ለደንበኛው ማሳየት በእርግጥ ከባድ ነው፤ ማጉያ መነጽርና የኤሌክትሪክ መስመሮቹን ንድፍ ይጠይቃል። የቁልፍ ጎማ ግን ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ከደብዛዛው አጠገብ ነው፤ የተቀደደ ጎማ ከደህናው ጎን ነው፤ ለማነጻጸሪያ ስምንቱም በአንድ ላይ ተሰልፈዋል። «ቢያዩትም አይገባዎትም» የማይባልበት የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት ቢኖር ይህ ነው። ሕጉም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጥገና አገልግሎት ነው፤ «ቦርዱ ተቃጥሏል» የምትለው ቃል ብቻዋን ግን በቂ መረጃ ልትባል አትችልም።

ሁሉም ቁልፍ በጥጥና በአልኮል ይድናል ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ላድርግ። በብዙ መጫወቻዎች ትከሻ ላይ ያሉት ቁልፎች ጎማ ሳይሆኑ ቦርዱ ላይ የተበየዱ ቀጫጭን ማብሪያዎች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለችው ትንሽ የብረት ጉልላት ስትደክም ነቅሎ በሌላ መተካት ነው፤ ይህም የለመደ እጅና ጥሩ ብየዳ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በተሸጠው የኒንቴንዶ ስዊች መያዣዎች ላይ መሪዋ (በአውራ ጣት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የምትገፋው ትንሽ ዘንግ) ሳትነካ ገጸ ባሕሪው በራሱ የሚሄድበት ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚያልቀው በመሪዋ ሥር ያለው የካርቦን መንገድ ስለሆነ መሪዋን በሙሉ መቀየር ይቀላል። በአንጻሩ በመጀመሪያው ፒኤስፒ፣ ማለትም በሶኒ የእጅ መጫወቻ፣ ላይ የምትታየው የመሪ መንቀዥቀዥ አንዳንዴ መሪዋን ከቦርዱ ጋር የምታገናኘው ጎማ ቆሽሻ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ለባለቤቱ አንድ ዓይነት ሕመም ይመስሉታል፤ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ምርመራ የሚከፈልበት ሙያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የፕሌይስቴሽን ቤት ያላቸው ወጣቶችም ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል። እነሱ ከማንም በላይ ቁልፍ ያስጨርሳሉ፤ በሰፈሬ ያሉት ቁልፉ የደከመን ጆይስቲክ ማዕዘን ላይ ሲከምሩ አያለሁ። ከሁለት የሞቱ ጆይስቲኮች ጎማ አንድ ደህና ጆይስቲክ ማውጣት እንደሚቻል አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ላሳያቸው ፈቃደኛ ነኝ፤ ካርድ አላስወጣቸውም።

የጎደለው ብሎን ጉዳይ ይቀረኛል። በሲኒ ሰሐን ላይ አለመቀመጡ ያመጣው ጣጣ ነው ብዬ አምናለሁ እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጥርም። የቤቱን ስም አልጽፍም፤ ነገር ግን በመሀል ከተማ፣ በሦስተኛ ፎቅ፣ ጠረጴዛው ሥር ሦስት ክንፍ ያለው አጭር ብሎን ያገኘ ጠጋኝ ካለ፣ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢልክልኝ መጫወቻው የተዘጋበትን ፕላስተር አነሣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ጡረተኛ የፊዚክስ መምህርት
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ